የተኛ ሁሉ አላረፈም

ስትሮክ የመታው ሰው ባለበት ቤት መጀመሪያ የሚታወጀው ጸጥታ ነው። መጋረጃው ይጋረዳል፤ ንፋስ እንዳይመታቸው መስኮቱም ይዘጋል። ልጆች ወደ ጓሮ ይባረራሉ። ጠያቂ ሲመጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባባ ተኝተዋል?» ይላል። አስታማሚዋ ልጅ «ተመስገን፣ ከጠዋት ጀምሮ እንደተኙ ናቸው፤ ሌሊቱንም ሲያንኮራፉ ነው ያደሩት» ትላለች። «ይተኙ እንጂ! እንቅልፍ መድኃኒት ነው፤ እንዳትቀሰቅሷቸው» ትባላለች። ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል።

በዚህ ንግግር ውስጥ ክፋት የለም። ግን ልጅቱ ከተናገረችው ውስጥ ሐኪም መስማት የነበረበት ሁለት ምልክት አለ፤ ሁለቱም እንደ መልካም ዜና ታለፉ። ቀኑን ሙሉ መተኛትም ሆነ ሌሊቱን ሙሉ ማንኮራፋት የማገገም ማስረጃ አይደለም። «ከተኛ ተዉት» የሚለው ልማድ ከየቤቱ አልፎ ሆስፒታል ገብቷል፤ በሕክምና ትምህርት ያለፉ ሰዎች ሳይቀሩ ሲደግሙት እንሰማለን። እኔ ግን ይህ ልማድ ሕመምተኞቻችንን እየጎዳ ነው እላለሁ። ከስትሮክ በኋላ የሚታይ እንቅልፍ፣ በዛም ጠፋም፣ እንደ እጅና እንደ እግሩ መስነፍ ሁሉ ሊመረመርና ሊታከም የሚገባው የጉዳቱ ክፍል ነው።

የስህተቱ ሥር እንቅልፍን የአንጎል ሥራ መፍታት አድርጎ ማየት ነው። ይህ አስተያየት ከመቶ ዓመት በፊት ፈርሷል። እ.ኤ.አ. በ1917 ቪየና ውስጥ ኮንስታንቲን ፎን ኤኮኖሞ የተባለ ሐኪም በአንጎል ብግነት የታመሙ ሰዎችን ይከታተል ነበር። አንዳንዶቹ ያለማቋረጥ ይተኛሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዓይናቸው ጠፍቷል። የሞቱትን አንጎል ሲመረምር፣ እንቅልፍ ያጡት የሃይፖታላመስ የፊተኛው ክፍል፣ እንቅልፍ የበዛባቸው ደግሞ የኋለኛው ክፍልና ከመካከለኛው አንጎል ጋር የሚገናኝበት ቦታ ተጎድቶ አገኘው። መተኛትም መንቃትም በአንጎል ውስጥ የየራሳቸው ስፍራ አላቸው ማለት ነው። ስትሮክ እነዚህን ስፍራዎች ወይም መንገዳቸውን ሲመታ እንቅልፍ እንደ ክንድ ሁሉ ይሽመደመዳል።

ታላመስን እንውሰድ። በአንጎል መካከል ያለች ጥንድ አካል ናት። በአንዳንድ ሰዎች የሁለቱንም ወገን መካከለኛ ክፍል የምትመግበው አንዲት ቀጭን የደም ሥር ብቻ ነች፤ ፔርሽሮን በተባለው ሐኪም ስም ትጠራለች። እሷ ስትደፈን ሰውየው እጅ እግሩ ሳይሰንፍ፣ አፉ ሳይጣመም፣ እንዲሁ በእንቅልፍ ሊሸነፍ ይችላል። ቀስቅሰውት ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ተመልሶ ያንቀላፋል። መጀመሪያ የተነሳ ሲቲ ስካን ምንም ላያሳይ ይችላል። ቤተሰብ «ደክሞት ነው» ይላል፤ ጎረቤት «ሐሳብ ጥሎት ነው» ይላል። ያ ሰው ግን አላረፈም፤ የማንቂያው ስፍራ ተመትቶበታል።

ከዚህ የባሰም አለ። ሰፊ ስትሮክ የደረሰበት አንጎል ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ያብጣል። ትናንት በጥሪ ይነቃ የነበረ ሰው ዛሬ በመነቅነቅ፣ ማታ ደግሞ በቁንጥጫ እንኳ አልነቃ ካለ ግፊቱ አንጎሉን እየጨፈለቀው ሊሆን ይችላል። ሌላው ደም ተደግሞ መፍሰሱ፣ ስኳር መውረዱ፣ ወይም ከአልጋ ወድቆ የራስ ቅሉ ውስጥ ደም መቋጠሩ ሊሆን ይችላል። «እንዳትቀሰቅሱት» የምትለው ምክር እዚህ ላይ ሕይወት ታስከፍላለች። ከቀን ወደ ቀን ለመቀስቀስ እየከበደ የሄደ ሕመምተኛ ሳይውል ሳያድር ድንገተኛ ክፍል መድረስ አለበት።

ይህን ስል የሚመጣብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «ታዲያ የታመመን ሰው ከአልጋ እየጎተትን እናስነሳው?» አይደለም። በዚህ ነጥብ ተቃዋሚዎቼ በከፊል ልክ ናቸው። 2,104 ሕመምተኞች የተካተቱበትና እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የወጣው አቨርት የተባለው ጥናት፣ ስትሮክ በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ አብዝቶና ደጋግሞ ከአልጋ ማስነሳት የማገገም ዕድልን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ጥድፊያ ጎጂ ነው። የኛ ቤቶች ችግር ግን የመጀመሪያው ቀን አይደለም። የመጀመሪያው ቀን ዕረፍት ሳይታወቅ ወር ይሞላዋል፣ ወሩ ሦስት ወር ይሆናል። ሰውነት ከሁሉ ፈጥኖ የሚመለሰው ደግሞ በእነዚያ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ ቀኑን በጨለማ ክፍል የሚያሳልፍ ሰው ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ጀርባው ይቆስላል፣ እግሩ ውስጥ ደም ይረጋል፣ የሳንባ ምች ያጠቃዋል። ፊዚዮቴራፒስቱ ቤት ድረስ ሲመጣ «አሁን ገና ሸለብ አደረጋቸው፣ ነገ ይሻላል» ተብሎ ይመለሳል። ባለሙያው እንደልብ በማይገኝበት አገር ያ የተመለሰ ቀጠሮ መቼ እንደሚተካ ማን ያውቃል?

«እንቅልፍ መድኃኒት ነው» የሚለው አባባል ራሱ እውነት አለው፤ የተሳሳተው አጠቃቀሙ ነው። ካትሪን ሲንግሱኮንና ላራ ቦይድ እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009 ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ ስትሮክ የደረሰባቸው ሰዎች አንድ የእጅ እንቅስቃሴ ከተለማመዱ በኋላ ሲተኙ፣ ሳይተኙ ከቆዩት የተሻለ ችሎታ ይዘው ተነሥተዋል። የሚያስገርመው፣ በዕድሜ የሚመሳሰሏቸው ጤነኞች በዚያ ልምምድ ከእንቅልፍ ያን ያህል አልተጠቀሙም። የተጎዳ አንጎል ቀን የተማረውን ሌሊት ያጸናል። ግን ቀን ምንም ካልተማረ ሌሊት የሚያጸናው ምን አለ? ሌሊቱስ የተቆራረጠ ከሆነ በምን ያጸናዋል? ማንኛውም መድኃኒት ያለ ሰዓትና ያለ መጠን አይወሰድም፤ እንቅልፍም እንደዚያው ነው።

አሁን ወደ ማንኮራፋቱ ልምጣ፤ ብዙ ጉዳት ተሸሽጎ የሚያድረው እዚህ ነው።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአልጋው አጠገብ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ። ሰውየው በጀርባው ተንጋሏል፣ አፉ ተከፍቷል። ማንኮራፋቱ እየጎላ እየጎላ ይሄድና ድንገት ጸጥ ይላል። ደረቱና ሆዱ ለመሳብ ይታገላሉ፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይሰምጣል፤ አየር ግን አይገባም። አሥር ሴኮንድ፣ ሃያ፣ አንዳንዴ ከሠላሳ በላይ ይሄዳል። ከዚያ እንደታነቀ ሰው በጩኸት ይስባል፣ ሰውነቱ ይደነግጣል፣ ዓይኑ ሳይገለጥ እንደገና ያንኮራፋል። ይህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሠላሳ ጊዜና ከዚያ በላይ ሊደጋገም ይችላል። ጠዋት ሲጠየቅ «ደህና አድሬአለሁ» ይላል፤ አያስታውሰውምና። የሚያስታውሰው ሰውነቱ ነው። ትንፋሽ በተቋረጠ ቁጥር በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፤ በተመለሰ ቁጥር የደም ግፊቱ ሽቅብ ይወጣል። ጤነኛ ሰው ሲተኛ ግፊቱ ከቀኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ ዝቅ ማለት ሲገባው፣ የዚህ ሰው ግፊት ሌሊቱን እንደተሰቀለ ያድራል። ሦስት ዓይነት ኪኒን እየዋጡ ግፊታቸው አልወርድ ያላቸው ስንት ሰዎች የሌሊት ትንፋሻቸውን ተጠይቀው ያውቃሉ?

ይህ ሕመም ስሊፕ አፕኒያ ይባላል። በርካታ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ ስትሮክ ከደረሰባቸው ሰዎች ከአሥሩ ሰባቱ ያህል ይገኝባቸዋል፤ ከአሥሩ ሦስት ገደማው ደግሞ በከባድ ደረጃ። አንዳንዱ ከስትሮኩ በፊት የነበረበት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በክላር ያጊና ባልደረቦቹ የወጣው ጥናት እንዳሳየው ስሊፕ አፕኒያ ያለበት ሰው ስትሮክ የመመታት ወይም የመሞት አደጋው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሌላው ስትሮኩ የጉሮሮ ጡንቻን ስላላላው የመጣ ነው። የአንጎል ግንድ ሲመታ ደግሞ ጉሮሮው ክፍት ሆኖ ሳለ «ተንፍስ» የሚለው ትዕዛዝ ራሱ ሊጠፋ ይችላል። «ወፍራም አይደሉም እኮ» የሚል መከላከያ አይሠራም፤ ስትሮክ ከደረሰባቸው ባለ አፕኒያዎች ብዙዎቹ ቀጭን ናቸው፤ ቀን ቀን እንቅልፍ የማይታይባቸውም ጥቂት አይደሉም። «ሲያንኮራፉ አደሩ» ማለት ሲታነቁ አደሩ ማለት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ከሐኪሞች ነው፤ ሚዛን አለውና ላልፈው አልፈልግም። «ብናውቀውስ ምን እናደርጋለን? ማሽኑ የለ፣ ቢኖርም አልረዳ» ይላሉ። ማሽኑ ሲፓፕ ነው፤ በአፍንጫ ጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርግ። አውስትራሊያዊው ኮሊን ሰሊቫን እ.ኤ.አ. በ1981 ነው ያስተዋወቀው። አልረዳም የሚሉት እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን ሴቭ የተባለውን ጥናት ይዘው ነው፤ የልብ ወይም የአንጎል የደም ሥር ሕመም ያለባቸው 2,717 ሰዎች ተካተውበት ሲፓፕ አዲስ የልብ ድካምና ስትሮክ አልቀነሰም። እውነት ነው። ግን ጥናቱ እስከ መጨረሻው ይነበብ። ተሳታፊዎቹ ማሽኑን በአማካይ የተጠቀሙት በሌሊት 3.3 ሰዓት ብቻ ነበር፤ ቀን ቀን እንቅልፍ እጅግ የሚጥላቸው ሰዎች ከመጀመሪያው አልተካተቱም፤ ማሽኑን ያገኙት ደግሞ የቀን እንቅልፋቸው ቀንሷል፣ ስሜታቸው ተሻሽሏል፣ ኑሯቸውም ቀሎላቸዋል። ፊዚዮቴራፒ መሥራት ለሚጠበቅበት ሰው ቀን ነቅቶ መዋልና ስሜቱ መቃናት ትንሽ ነገር ነው?

ማሽኑ ለአብዛኛው ቤተሰብ ውድ መሆኑ፣ መብራት በጠፋ ቁጥርም መቆሙ አይካድም። የእንቅልፍ ምርመራ የሚሠራበት ቦታ ማግኘትም ከባድ ነው። ሆኖም ያለ ማሽን የሚደረግ አለ። ብዙ ሰው በጀርባው ሲተኛ ይብስበታል፤ በጎኑ አስተኝቶ፣ የሰነፈውን ክንድ በትራስ ደግፎ፣ ከጀርባው የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ማኖር ምንም ወጪ የለውም። የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረግም ይረዳል፤ ለመዋጥ ለሚቸገር ሰው ምራቅና ምግብ ወደ ሳንባ እንዳይገባም ያግዘዋል። የማታ አረቄና ቢራ ጉሮሮን ያላላሉና ይቅሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አፕኒያ እንዳለበት የታወቀ ሰው የእንቅልፍ ኪኒን አይሰጠውም። ይህ ብቻውን ማወቁን ዋጋ ያሰጠዋል።

ኪኒኑን ያነሳሁት በዘፈቀደ አይደለም። «ከተኛ ተዉት» የሚለው አስተሳሰብ መንትያ አለው፤ «ካልተኛ አስተኙት» ይባላል። ሕመምተኛው ሌሊት ሲያፈጥ ያደረ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዱ ከፋርማሲ ዲያዜፓም ያመጣል፤ ሌላዋ ለራሷ የታዘዘላትን አሚትሪፕቲሊን ግማሹን ትሰጣለች፤ ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ደግሞ ታይለኖል ፒኤም አይጠፋም። ዲያዜፓም ጡንቻን ያላላል፣ አፕኒያን ያባብሳል፣ ሌሊት ለሽንት የተነሳን አንድ እግሩ የሰነፈ ሰው ይጥላል። አሚትሪፕቲሊንና ታይለኖል ፒኤም ውስጥ ያለው ዳይፈንሃይድራሚን በዕድሜ የገፋን ሰው ያደናግራሉ፣ ሽንት ያግዳሉ። ላሪ ጎልድስታይን እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ጥናት፣ የዲያዜፓም ዘር ያሉባቸውን የተወሰኑ መድኃኒቶች ስትሮኩ በደረሰበት ሰሞን የወሰዱ ሰዎች እንቅስቃሴያቸው የተመለሰው ካልወሰዱት ባነሰ መጠን ነበር። ጥናቱ ብቻውን መድኃኒቶቹ ናቸው ጥፋተኞቹ አያሰኝም፤ ጥንቃቄ ለመጠየቅ ግን ከበቂ በላይ ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሥር ሰደድ እንቅልፍ ማጣት መጀመሪያ መሰጠት ያለበት ኪኒን ሳይሆን የልማድና የአስተሳሰብ ሕክምና ነው ብሎ ወስኗል። አልጋን ለእንቅልፍ ብቻ ማድረግ፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መነሳት፣ እንቅልፍ እስኪመጣ አልጋ ላይ ሲገላበጡ አለማደር፣ የቀን እንቅልፍን መገደብ፤ ይህ ሁሉ በየቤቱ ሊሠራ የሚችል ነው።

ደግሞስ ለምን እንዳልተኛ ማን ጠየቀ? «ሐሳብ ነው» ተብሎ ይዘጋል። የሰነፈው ወገን ትከሻ በተገላበጠ ቁጥር እያመመው ሊሆን ይችላል። ሽንት የሚያሸናውን የግፊት ኪኒን ጠዋት በመዋጥ ፈንታ ማታ እየዋጠው፣ ሌሊቱን አራት ጊዜ እየተነሳ ሊሆን ይችላል። እግሩን የሚበላው የሚመስለውና ካላንቀሳቀሰው የማያስቀምጠው ሕመም፣ አንዳንዴም ከብረት ማነስ ጋር የተያያዘው፣ ይዞት ይሆናል። ሐሳብም ከሆነ ሐሳቡ ስም አለው። ስትሮክ ከደረሰባቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ ድባቴ ይይዛቸዋል፤ ሊነጋጋ ሲል ነቅቶ ጣሪያ ማየት አንዱ ምልክቱ ነው። ቤተሰቡን ሲያስተዳድር የኖረ አባት «ከፍቶኛል» አይልም፤ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላል። ድባቴ ሕክምና አለው፤ ዲያዜፓም ግን ሕክምናው አይደለም።

አመሻሽ ላይ ክፍሉ ውስጥ የሌሉ ሰዎችና እንስሳት የሚታዩት ሕመምተኛም አለ፤ በእንቅልፉ ተነስቶ የሚማታም እንዲሁ። ቤተሰብ ወዲያው መንፈስ ነው ይላል። የመካከለኛው አንጎል ስትሮክ እንዲህ ዓይነት ራእይ እንደሚያመጣ ፈረንሳዊው ዣን ሌርሚት እ.ኤ.አ. በ1922 ጽፎታል። ኢንፌክሽንና የመድኃኒት መደናገርም እንዲሁ ሊያደርጉ ይችላሉ። ጠበል የሚወስድ ይውሰድ፣ ጸሎቱም ይቀጥል፤ የግፊቱ ኪኒን ግን አይቋረጥ፣ ለሐኪሙም ይነገረው።

ወደ ጨለማው ክፍል ልመለስ፤ እሱን ለማስተካከል ባለሙያም ገንዘብም አያስፈልግም። አንጎል ቀንና ሌሊትን የሚለየው በብርሃን ነው። ዴንማርክ ግሎስትሩፕ ውስጥ ተሃድሶ ላይ የነበሩ የስትሮክ ሕመምተኞችን የቀን ብርሃንን በሚመስል መብራት ያኖሩ ተመራማሪዎች ሲወጡ ድካማቸው ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ አግኝተዋል። እዚያ መብራት ገዝተው የፈለጉትን ፀሐይ እኛ በመጋረጃ እንከልለዋለን። ሕመምተኛው ጠዋት ይልበስ፣ ፊቱን ይታጠብ፣ በረንዳ ላይ ወይም በመስኮት አጠገብ ወንበር ላይ ይቀመጥ። የቀን እንቅልፍ ከፈለገ ከምሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ጠያቂው በቀን ይምጣና ያጫውተው፤ ይህ ራሱ ተሃድሶ ነው። አሁን የሚሆነው ተገላቢጦሽ ነው። ቀን «ተኝተዋል» ይባልና ጠያቂው ከሥራ ሲወጣ ይመጣል፤ ቡና ይፈላል፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ሲጠጣ ቴሌቪዥኑ ሲጮህ ሦስት ሰዓት ይሆናል። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከዚያ ሌሊት ሲያፈጥ «ሐሳብ ነው» እንላለን።

ሐኪሞቻችንንም ዝም ብዬ አላልፍም። ሕመምተኛው ከሆስፒታል ሲወጣ በሚሰጠው ወረቀት ላይ የግፊቱ ኪኒን፣ አስፒሪኑ፣ የቀጠሮው ቀን ይጻፋል። በዙር ላይ «እንቅልፍስ?» ተብሎ ይጠየቅና «ጥሩ ነው ዶክተር» በሚል መልስ ይዘጋል። ያ ጥያቄ ለሕመምተኛው መቅረብ የለበትም፤ ሌሊቱን አጠገቡ ላደረው ሰው ነው መቅረብ ያለበት። ትንፋሹ ይቆማል? ቀን ለመቀስቀስ ያስቸግራል? ሌሊት ምን ይቀሰቅሰዋል? የሚያስተኛ ነገር ሰጥታችሁታል? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ለመጠየቅ የእንቅልፍ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ የሁለት ደቂቃ ትዕግሥት ይበቃል።

አስታማሚዎች ሆይ፣ የእናንተ ድርሻ ሐኪሙ እስኪጠይቅ መጠበቅ አይደለም። ዛሬ ማታ መጋደሙን ካያችሁ በኋላ ስልካችሁን አውጥታችሁ ትንፋሹን ሁለት ደቂቃ ቅረጹ፤ ቆሞ ከተመለሰ ሴኮንዱን ቁጠሩ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ቪዲዮውን ለሐኪሙ አሳዩ። ጠዋት ደግሞ መጋረጃውን ክፈቱ፣ ቀስቅሱት።